ልጄ ሐዋሳ ሄደች፣ እኔ 11 ሰዓት ላይ ቀረሁ

ልጄን ከድሬዳዋ የሸኘኋት መስከረም 2016 ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አውቶቡስ ላይ ወጣች። እኔ የበርበሬውን ፌስታል ከእግርሽ ሥር አድርጊው፣ ላይ እንዳይጫን፣ ይፈሳል እያልኩ ስጨቀጭቅ አውቶቡሱ ተነሣ፤ በወጉ እንኳን አልተሳሳምንም። አላለቀስኩም። ስመለስ የባጃጁ ልጅ "እናቴ ማንን ሸኝተሽ ነው?" አለኝ። "ልጄን፣ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ" አልኩት። "እንኳን ደስ አለሽ!" አለኝ፤ እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

ለቅሶው የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ገመዱ ግማሹ ባዶ ቀረ። የእኔ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ፎጣ። በቃ። ግቢው መሀል እርጥብ ጨርቅ ይዤ ቆሜ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያለች እናት (አባትም ይኖራል፣ እነሱ አያወሩትም እንጂ) ታነበው ይሆናል ብዬ ነው። እኔ ያን ጊዜ ለማን ልናገር? ለጓደኛዬ ብነግራት "ስንቱ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ቤት ተጎልቷል፣ አንቺ ያንቺ ሥራ ያዘችልሽ ብለሽ ታለቅሻለሽ?" አለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ ዝም አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሰው ቢሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ይቀመጣል። ልጅ ቢዳር ሠርግ አለ፣ መልስ አለ፣ ግርግሩ ራሱ ያዘናጋል። ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ለሥራ ስትወጣ ግን ማንም መጥቶ አብሮሽ አይቀመጥም። "እንኳን ደስ አለሽ" ብሎ ያልፋል።

መምህር ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ። ጠዋቱን ከ50 ምናምን ልጅ ጋር ጮኼ፣ ድምፄ ተዘግቶ ነው ቤት የምገባው። እንዲህ የምትውል ሴት ብቸኛ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትልቁ ልጄ አዲስ አበባ አግብቶ ይኖራል። እሱ ሲወጣ ይህን ያህል አልተሰማኝም፣ ምክንያቱም እሷ ነበረች። ሐረማያ ስትማር እንኳን ዓርብ ዓርብ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳ ትመጣ ነበር፣ የሳምንት ልብሷን ተሸክማ። ከተመረቀች በኋላም ሁለት ዓመት እዚሁ ድሬ ሠራች። ስለዚህ ከቤት ወጣች የምለው አሁን ነው፣ በ24 ዓመቷ። ሐዋሳ ደግሞ ዓርብ ተነስተው የሚመጡበት አገር አይደለም። አዳማ አድራ ነው የምትደርሰው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስልክ መደወል ነበር። ጠዋት "ተነሳሽ?"፣ ምሳ ሰዓት "በላሽ?"፣ ማታ "ገባሽ?"፣ ስትተኛ "በሩን ቆለፍሽ?"። አንዳንድ ቀን ስድስት ጊዜ። ታነሳለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን ድምጿ እያጠረ መጣ። አንድ ቀን "እማ ስብሰባ ላይ ነኝ" ብላ ዘጋችው፣ እኔም ሆድ ባሰኝና ሁለት ቀን አኮረፍኩ። የ52 ዓመት ሴት! እሷ መኩረፌን እንኳን አላወቀችም። ሥራ በዝቶባት እማዬ ዛሬ አረፈች ብላ ይሆናል።

ከዚያ ቴሌቪዥን ከፍቼ መተው ጀመርኩ፣ ሰው ያለ እንዲመስል። ሰው አይመስልም። ቴሌቪዥን ይመስላል።

ከዚያ ክፍሏን አከራየሁት። ይሄኛውን ስናገር አሁንም እስቃለሁ። ከመሀል አገር ለሥራ የመጣ ወጣት ነው፣ ጸጥ ያለ፣ የሚከፍል። ግን "እርስዎ" ይለኛል። የድሬ ሰው ይገባዋል። እዚህ እርስዎ አንባባልም፤ ሱቅ የሚላክ ልጅ የአያቱን እኩያ "አንተ" ቢል ነውር አይደለም፣ ፍቅር ነው። ይህ ልጅ በገዛ ቤቴ "እንደምን አደሩ" ሲለኝ በአንድ ሌሊት 80 ዓመት የሞላኝ ይመስለኛል። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ሲያመሽ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። እራቱን ከድኜ አስቀምጥለታለሁ፣ እሱ ደግሞ በልቶ ነው የሚገባው። አንድ ማታ በሩን አንኳኩቼ "ለምን አመሸህ?" አልኩት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ በትህትና አመስግኖኝ ወጣ። ልጄ ስትሰማ በሳቅ ሞተች። "እማ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ እናት ገዛ" አለችኝ።

እንዲህ ስዳክር አንድ ነገር የገባኝ በአጋጣሚ ነው። ትምህርት ቤት የቀሩ ልጆችን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። ከኋላው ባለው ባዶ ገጽ ላይ ለአንድ ሳምንት፣ ሆዴ ሲባባ ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ የሚያመኝ ይመስለኝ ነበራ! ሳምንቱ አልቆ ሳየው 11፣ 11 ተኩል፣ 11፣ 11 ከሩብ። አንድ ቀን ብቻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ቀኑ ደህና ነው ለካ። የሚገድለኝ አንድ ሰዓት ነው።

ድሬን ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ፀሐዩ ሰው አያስወጣም፤ በር ተዘግቶ፣ ቬንቲሌተሩ እየዞረ፣ የሚተኛው ተኝቶ፣ የሚቅመው ቅሞ፣ እስከ 10 ሰዓት ድምፅ የለም። 11 ሲቃረብ ነፋሱ ይመጣና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነቃል። በር ይከፈታል፣ ደጃፍ ውሃ ይረጫል፣ ወንበር ይወጣል፣ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ምድጃዋን ታያይዛለች፣ ልጆች ኳስ ይዘው ይፈሳሉ። ልጄም ከሥራ የምትገባው 11 ተኩል ነበር። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ትወረውርና ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬ ትጀምራለች። እንግዲህ መላው ከተማ ከሰው ጋር ለመሆን ሲወጣ እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ በር በሩን እያየ፣ የማይመጣ ሰው እጠብቅ ነበር ማለት ነው።

እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፣ ከተማውም በሐዲዱ ምክንያት የተቆረቆረ ነው፤ ስለዚህ የዚህ አገር ሴት መጠበቅን ከድሮም ታውቀዋለች። ባል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው፣ መቼ እንደሚመለስ እሱም እግዜርም በውል አያውቁትም። እናቴ ግን አንድም ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ አላየኋትም። ደጅ ነበር የምትጠብቀው፣ ከሌሎቹ የባቡር ሠራተኛ ሚስቶች ጋር፣ ስፌቷን ይዛ። ፊሽካው ሲሰማ ተነስታ ውሃ ትጥዳለች። ካልተሰማም ስፌቷ አለ፣ ወሬው አለ። እኔ የተማርኩት ልጇ ግን ስልክ ታቅፌ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። 11 ሰዓት ላይ፣ ደጃፌ ላይ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።

የመጀመሪያው ቀን አስጠሊታ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። የሆነ ነገር የምሸጥ መሰለኝ። አንዱ ጎረምሳ "ጋሼ ቆርቆሮ" ነው የምትጠብቂው ብሎ ቀለደብኝ፣ ያ እቃ የሚለዋውጠውን ማለቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ፣ ሐረሪ ናት፣ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ አራት ልጆቿ በአራት አገር ተበትነዋል፣ ሆጃ የሚባለውን የሐረሪዎች ትኩስ መጠጥ በፔርሙስ ይዛ መጣች። ሃያ ዓመት ተጎራብተናል፤ ለበዓል ምግብ እንለዋወጣለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ ግን ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም፣ ምክንያቱም ሁለታችንም ቤታችን ሰው ነበረው። "አቦ አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ስድስት ዓመት እዚህ ደጅ ስቀመጥ አላየሽኝም፣ አሁን ልጅሽ ስትሄድ ታየሁሽ" አለችኝ። አፈርኩ። ልክ ናት ደግሞ።

ከዚያ በኋላ ቡናዬን ከጠዋት ወደ 11 ሰዓት አዞርኩት። ቡና ብቻ መጠጣት ያቃተኝ አንዱ ነገር ነበር፤ ለአንድ ሰው ረከቦት ማቅረብ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። አሁን አንድ ቀን የእኔ ቡና፣ አንድ ቀን የእሷ ሆጃ። በረመዳን እሷ ከኢፍጣር በፊት ስለማትወጣ ያን ወር ሰዓቱን ወደ ማታ እንገፋዋለን። በጾም ደግሞ እኔ ሆጃውን በወተት አልጠጣም፣ ለእኔ ያለ ወተት ታፈላልኛለች። እንዲህ እየተሸጋሸግን ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ከስልኩ ጋር እንደሚያያዝ ልንገራችሁ። አንድ እሁድ ልጄ "እማ፣ የእኔን ተዪው፣ በልቻለሁ፣ ቆልፌያለሁ፣ አንቺ እንዴት ነሽ? የራስሽን ንገሪኝ" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የምነግራት አጣሁ። ምንም! ሳምንቱን ሙሉ የሆነ ነገር የለም። ልጄ ጥያቄ የሰለቻት እኔን ጠልታ አይደለም፣ ስለራሷ ብቻ መልስ መስጠት ደክሟት ነው። ደጅ መቀመጥ ስጀምር ግን ወሬ ሞላኝ። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ የሳምቡሳዋ ሴትዮ ዋጋ ጨመረች፣ የጎረቤቴ ልጅ ከጅዳ ሽቶ ላከላት ግን ጠርሙሱ መንገድ ላይ ተሰበረ። አሁን የእኛ ስምምነት እንዲህ ነው፦ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ረጅሙ ስልክ። በሌላው ቀን በቴሌግራም አንድ አንድ የድምፅ መልእክት፣ የፈለገችበት ሰዓት ትሰማዋለች። ችግር ሲኖር ብቻ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። "በላሽ?" የሚለውን ጨርሶ አልተውኩትም፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው የምለው።

ስለ ጤና ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም እኔ ናፍቆት ነው እያልኩ ብዙ ቆይቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ክፍል ውስጥ በትንሹ በትልቁ ልጆቹ ላይ እጮህ ነበር። ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለራስ ምታት ነው። አንዲት ወጣት ባለሙያ የደም ግፊቴን ስትለካኝ 150 በ95 አለች። ከዚያ ክኒን ጽፋ ብቻ አላሰናበተችኝም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደማልተኛ፣ ድሮ የምወደው ነገር አሁን ደስ ይለኝ እንደሆነ፣ መኖር አስጠልቶኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የመጨረሻው ጥያቄ አስደነገጠኝ፣ ግን በመጠየቋ ቀለለኝ። ያለችኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ ናፍቆት በሽታ አይደለም፣ ይመጣል ይሄዳል። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል መከፋት ወይም ምንም ነገር ደስ አለማሰኘት ካለ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ከተበላሸ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት፤ ሕክምና አለው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ ያኑ ቀን ነው ለሰው መናገርና መሄድ።

ሌላው የነገረችኝ ነገር የወር አበባ መቋረጫ ዕድሜዬ መሆኑን ነው። ብዙ ሴት ላይ ከ45 እስከ 55 ባለው ጊዜ ይመጣል፤ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት ያመጣል። ልጅ ከቤት የሚወጣበት ዕድሜ እና ይሄ ጉድ አንድ ላይ መግጠሙ! እኔ ላቡን የድሬ ሙቀት ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ማን የማን ላብ እንደሆነ ይለያል? የእኔ ድባቴ አልነበረም፣ ወደዚያ እየሄደ ነበር እንጂ። ጨው ቀንሺ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ፣ ለግፊቱ ክትትል ነይ ተባልኩ። እሷ ልጅ "አንቺ" ነው ያለችኝ፣ የድሬ ልጅ ናት።

እርምጃውን ከዚራ በሚባለው ሰፈር አደረግኩት። ዛፎቹ መንገዱን ስለሚሸፍኑት ፀሐይ ሳይጠልቅም መሄድ ይቻላል። እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄጄ እመለሳለሁ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፣ የአሮጌው ጣቢያ ፊሽካ እንደ ድሮው አይደለም። አንዳንድ ቀን ጎረቤቴ ትከተለኛለች፣ ግን በየአሥር እርምጃው ሰላምታ ስለምትቆም እሱ እርምጃ አይባልም።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ነገር ተነሳብኝ። በ1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ትልቁን ይዞ፣ እኔ እሷን አዝዬ በጨለማ ሮጠናል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ተነስቼ ክፍሏን አያለሁ፣ 20 ዓመት ሲሞላትም አይ ነበር። በሐምሌ 2016 አንድ ሌሊት ዘነበ። ተነሳሁ፣ ክፍሏን ከፈትኩ፣ አልጋው ባዶ። ያን ሌሊት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ፈራሁ። ብቻዬን ብወድቅ ማን ያውቃል? ጠዋት ሄጄ ትርፍ ቁልፍ አስቀረጽኩና ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ እሷም የእሷን ሰጠችኝ። እስከ 2 ሰዓት መስኮቴ ካልተከፈተ ታንኳኳለች። የልጆቿን ስልክ እኔ፣ የልጆቼን እሷ ይዛለች። ይህን ሌላውን ሁሉ ባታደርጉ እንኳን አድርጉት። ምንም ወጪ የለውም፣ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

የልጄ የመጀመሪያ ጉብኝት ለቁልቢ ነበር፣ ታኅሣሥ 19። ሦስት ቀን ሙሉ ስሠራ ሰነበትኩ፣ የጾም ወጥ፣ ሩዝ፣ የምትወደው ጣፋጭ ሙሸበክ ሳይቀር ከመጋላ ሰፈር ተገዛ። መጥታ ተኛች። ዝም ብላ ተኛች፣ ደክሟታል። ስትነሳ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። እኔ ወጡን ሦስት ጊዜ አሞቅኩ፣ ማታ ስትገባ አፈነዳሁት፦ "ሆቴል ነው እንዴ የመጣሽው?" አልቅሳ፣ አልቅሼ፣ ታረቅን። ቁልቢ አብረን ወጥተን ስንመለስ "እማ ቤት የምመጣው እኮ እንድተኛ ነው፣ ሐዋሳ እንደዚህ አልተኛም" አለችኝ። ይህን መስማት ያስፈልገኝ ነበር። ካልነገረችኝ እንዴት አውቃለሁ?

ስትመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ አመመኝ። ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ሁለተኛው መሸኘት ይከፋል። ስለዚህ አሁን እሷ በምትሄድበት ማግስት 11 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር አስቀድሜ አስቀምጣለሁ። እድር ካለ እድር፣ ከሌለ ጎረቤቴን ቀፊራ ገበያ ይዛኝ እንድትሄድ አስምላታለሁ። አንሶላዋን በዚያው ቀን አላነሳም፣ በሳምንቱ ነው የማጥበው።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ከተከራዩ በኋላ ሦስት ወር ዘግቼው ነበር። ዘግቶ መተው ጥሩ አይደለም፣ በሩን ባለፍኩ ቁጥር የሆነ ሰው የታመመበት ቤት ይመስለኛል። አሁን አልጋዋ እንዳለ ነው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ግን የልጆቹን ደብተር አርምበታለሁ። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ከእኔ ክፍል ይሻላል። ጠይቄያት ነው። "ቀይ እስክሪብቶ አልጋዬ ላይ እንዳታፈሺ" ብላ ፈቀደችልኝ።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ሐሙስ እንጀራ ስጋግር እጄ አሁንም የሁለት ሰው ነው የሚያቦካው። ሩብ ቀንሼ ሞከርኩ፣ አነሰ፤ ግማሽ ቀነስኩ፣ ሊጡ በወጉ አልኮመጠጠም። ተውኩት። ትርፉን ጎረቤቴ ትወስዳለች፣ በሆጃ ትከፍለኛለች። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነፋሱም ጀምሯል፣ የሳምቡሳዋ ምድጃ ሲጨስ ይሸተኛል፣ ወንበሬን ላውጣ።